ካርቸር ኬ2 ሲበላሽ፦ ከፍቶ ለሚጠግነው ሰው ምን ያህል ይመቻል?

ስለ መኪና ማጠቢያ ማሽን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር የሚደግም ነው። ስንት ባር፣ ስንት ዋት፣ ጎማው ስንት ሜትር። እዚህ የሚመዘነው ሌላ ነገር ነው። ዋስትናው ካለፈ በኋላ ማሽኑ አንድ ጠዋት እንደ ተራ ቧንቧ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ሲጀምር፣ ባለቤቱ ራሱ በካቻቢቴና በትዕግሥት ሊመልሰው ይችላል ወይ? ለካርቸር ኬ2 መልሱ በአብዛኛው አዎ ነው። የሚያስቸግረው አንድ ቦታ የፓምፑ ራስ ነው፤ ወደ እሱ እንደርሳለን።

ኬ2 ከጀርመኑ ካርቸር የቤት ማሽኖች ትናንሾቹ ከሚባሉት አንዱ ነው። 1,400 ዋት ይስባል፤ ከፍተኛ ግፊቱ 110 ባር ነው፤ በሰዓት እስከ 360 ሊትር ውሃ ያወጣል። የሚገባው ውሃ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ መብለጥ የለበትም። ከፍ ያለው ኬ4 1,800 ዋት፣ 130 ባርና 420 ሊትር ነው፤ ኬ5 ደግሞ 2,100 ዋት፣ 145 ባርና 500 ሊትር። ለጠጋኝ ትልቁ ልዩነት ግን ባሩ ላይ ሳይሆን ሞተሩ ላይ ነው። ኬ2 እንደ ድሪልና እንደ ጁስ መፍጫ ካርቦን (ለሚዞረው የሞተር ክፍል እየነካ ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ቁራጭ) ያለው ሞተር አለው፤ ኬ4 እና ኬ5 ሞተራቸው በውሃ ይቀዘቅዛል። ካርቦን ያለው ሞተር ይጮኻል፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሲበላሽ ግን ምክንያቱ በዓይን ይታያል፤ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

መመሪያው ማሽኑ ጥገና አያስፈልገውም ይላል። ዘይት ቀይር፣ ግራሶ ቀባ የሚል ነገር የለውም ማለት ነው እንጂ አይነካም ማለት አይደለም። የመግቢያውን ወንፊት አጽዱ የሚለው እዚያው መመሪያ ውስጥ አለ፣ ብዙ ሰው አያነበውም።

ከመፍታት በፊት

ግፊት ጠፋ ሲባል የብዙ ሰው እጅ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ይሄዳል። ከሚገባው ውሃ፣ ከወንፊቱና ከኖዝሉ (ውሃው ተጠብቦ ከሚወጣበት የዘንጉ ጫፍ) በፊት አንድም ብሎን አይንኩ። ፓምፑ ሞቷል ተብሎ ጓዳ የተጣለ ማሽን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከነዚህ በአንዱ ላይ ነው።

በሰዓት 360 ሊትር ማለት በደቂቃ 6 ሊትር ነው። ቧንቧው ከዚህ በላይ መስጠት አለበት፤ እኩል ቢሰጥ አይበቃም። መለኪያው ባለ 10 ሊትር ባልዲና የስልክ ሰዓት ነው። ማሽኑ ላይ የሚሰካውን የጎማ ጫፍ ባልዲው ውስጥ አድርገው ቧንቧውን እስከ መጨረሻ ይክፈቱ። በ60 ወይም በ70 ሴኮንድ ከሞላ ደህና ነው። 100 ሴኮንድ ከፈጀ በደቂቃ 6 ሊትር ብቻ እየመጣ ነው፤ ማሽኑ ይራባል። ጣራ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ የሚወርድ ውሃ 3 ሜትር ከፍታ ካለው የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ያህል ነው። ጎማው ግማሽ ኢንች ሆኖ አጭር ከሆነ ለኬ2 ይበቃል፤ 20 ሜትር ጎማ ተቀጥሎበት፣ መሀል ላይ ተጣሞ፣ ቧንቧውም አሮጌ ከሆነ አይበቃም። ለኬ5 ደግሞ በደቂቃ ከ8 ሊትር በላይ ስለሚፈልግ ሮቶ ብቻውን ብዙ ጊዜ ያንሰዋል። ትልቅ ማሽን የገዛ ሰው ከትንሹ የባሰ ውጤት የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የተራበ ፓምፕ ድምፁ ይለወጣል። ጠጠር እንደዋጠ ይንኳኳል፤ የሚወጣው ውሃም እየተቆራረጠ ይዘላል። ይህ ድምፅ እየተሰማ ማጠቡን መቀጠል በፒስተኖቹ ዙሪያ ውሃውን የሚይዙትን ጎሚኒዎች ይበላል። መመሪያው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ግፊት ካልተነሳ አጥፉ የሚለው ለዚህ ነው፤ ፒስተኖቹን የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ራሱ ውሃው ነውና።

ወንፊቱ ጎማው የሚገባበት አፍ ውስጥ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ጎማውን ያውልቁ፣ ወንፊቷን በፒንሳ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በውሃ ያጥቧት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስመሩ ባዶ ሆኖ ቆይቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ውሃ ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመጣል። ያንን ለጥቂት ደቂቃ መሬት ላይ አፍስሶ ከዚያ ማሽኑን መሰካት ከየትኛውም ጥገና ይቀድማል። ወንፊቷ ከተቀደደች ያለ እሷ አያስነሱት። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቫልቭ ሥር ከተቀመጠች ሙሉውን ፓምፕ ሥራ ታስፈታለች።

ሌላው አየር ነው። ውሃ ከበርሜል በሚሳብበት ጊዜ የመግቢያው ጎማ ፋሸታ ከላላ ወይም ማያያዣው ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት ከደረቀች ውሃ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ስለዚህ አይታይም። መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀብተው ማሽኑን ሲያስነሱ አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ቦታውን አገኙት። ከበርሜል ለመሳብ ጫፉ ላይ ወንፊትና ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ) ያለው የመሳቢያ ጎማ ያስፈልጋል፣ ጎማውም አስቀድሞ በውሃ መሞላት አለበት። ማሽኑ የሚስበው ከግማሽ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ነው፤ ከጉድጓድ አይጠብቁ።

አየሩን ለማስወጣት ዘንጉን ከሽጉጡ ያውልቁ፣ ውሃውን ይክፈቱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ምላጩን ይዘው አረፋ የሌለበት ውሃ እስኪፈስ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ነው ማብሪያው የሚነካው።

ኖዝሉ ብዙ ሰው የሚንቀው ክፍል ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። የዚህ ዓይነት ማሽን የኖዝል ቀዳዳ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሲደፈን ግፊቱ እየዘለለ ይመጣል ወይም ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው ይቆማል፤ በቀጭን መርፌ ከፊት በኩል ወደ ኋላ ገፍቶ ከፊት ወደ ኋላ በውሃ ማጠብ ይበቃዋል። ችግሩ ሲሰፋ ነው። አሸዋ የሚያልፍበት ኖዝል ቀስ እያለ ይበላል። ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ወደ 1.1 ቢሰፋ ስፋቱ በ21 ከመቶ ይጨምራል፤ ፓምፑ የሚያወጣው ውሃ ሳይለወጥ ግፊቱ ወደ 68 ከመቶ ይወርዳል። 110 የነበረው 75 ባር ይሆናል ማለት ነው። በዓይን የማይለይ የአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት ሲሶውን ግፊት ወሰደ፤ ፓምፑ ግን ምንም አልሆነም። ደግነቱ ኬ2 ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ዘንግ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ጠፍጣፋ የሚረጭ፣ ሌላው እየተሽከረከረ የሚመታ። በአንዱ ግፊት ካለ በሌላው ከሌለ ጥፋቱ ዘንጉ ላይ ነው፤ ፓምፑን ይተዉት። የሚዞር ዘንግ ከሆነም ወደ ዝቅተኛው ግፊት ተዞሮ እንዳልቀረ ይዩ። ሳሙና የሚስበው በዝቅተኛው ላይ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይረሳል።

ድምፁ የሚናገረው

ሽጉጡ ተዘግቶ ማንም ሳይነካው ማሽኑ በየጥቂት ሴኮንዱ "ጭር" እያለ ተነሥቶ ከቆመ አንድ ቦታ ግፊት እያመለጠ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ምላጩ ሲለቀቅ መውጫው ላይ ያለ ቼክ ቫልቭ ግፊቱን ጎማው ውስጥ ይዘጋል፤ በዚያ ግፊት የሚገፋ ትንሽ ፒስተን ደግሞ ማይክሮ ስዊቹን (ሞተሩን የሚያበራውን ትንሽ ማብሪያ) ለቆ ሞተሩን ያቆማል። ግፊቱ ሲቀንስ ፒስተኑ ይመለሳል፣ ስዊቹ ይበራል፣ ሞተሩ ይነሳል። እንግዲህ የሚያመልጥበትን መፈለግ ነው። የኖዝሉ ጫፍ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሽጉጡ ውስጥ ያለው ቫልቭ ነው። የጎማው መጋጠሚያ ከረጠበ እዚያ ያለችው ኦሪንግ፣ ማለትም የጎማ ቀለበት ናት። ውጩ ሁሉ ደርቆ ማሽኑ ግን እየተነሣ ከቆመ ቼክ ቫልቩ ነው፤ ውስጥ መግባት ግድ ነው።

ለመጋጠሚያዎቹ ካርቸር ራሱ የኦሪንግ ስብስብ ይሸጣል፤ ቁጥሩ 2.640-729.0 ነው። ከተገኘ ይግዙት። ካልተገኘ ሶማሌ ተራ ካሉ የጎሚኒ ሱቆች ተመሳሳዩ አይጠፋም። አሮጌውን ብቻ ይዞ መሄድ ግን ያሳስታል፤ ያረጀ ኦሪንግ ተጨፍልቆ ወይም አብጦ ስለሚገኝ ልኩ ውሸት ነው። የሚቀመጥባትን ቦይ ስፋትና የውስጡን ዘንግ ውፍረት በካሊፐር ለክተው፣ ጽፈው ይሂዱ።

ምላጩ ተለቆም ሞተሩ አልቆም ካለ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ወይ ትንሹ ፒስተን ውሃው በሚተወው ነጭ ካልክ ደርቆ ተይዟል፣ ወይ ማይክሮ ስዊቹ ተጣብቋል። ማጠቢያውን ማቆም ሲፈልጉ ከሶኬት ነቅለው እያቆሙ መሥራት የተለመደ ማለፊያ ሆኗል። ይህን አያድርጉ። ተዘግቶ የሚዞር ፓምፕ ያንኑ ጥቂት ውሃ ደጋግሞ ያሽከረክራል፤ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቅና ጎሚኒዎቹን ያደርቃቸዋል።

ጭራሽ አልነሳ ካለ ከሶኬቱ ይጀምሩ። 1,400 ዋት በ220 ቮልት 6.4 አምፔር አካባቢ ነው፤ ከርካሽ ዲቫይደር ላይ ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር የሚሰካ ነገር አይደለም። ማራዘሚያው እስከ 10 ሜትር ከሆነ 1.5፣ ከዚያ እስከ 30 ሜትር ከሆነ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሁን፤ የተጠቀለለ ማራዘሚያ ሙሉ በሙሉ ይተርተር፣ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይሞቃልና። ሶኬቱ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ካርቦኑ ነው።

ሲከፈት

መጀመሪያ ከሶኬት ይንቀሉ። ቧንቧውን ዘግተው ምላጩን ይያዙ፤ ጎማው ውስጥ የቀረው ግፊት ይውጣ። በዚህ ቀልድ የለም። 110 ባር ቆዳ ይበሳል። ከዚህ ዓይነት ውሃ የሚመጣ ቁስል ውጩ የመርፌ ቀዳዳ መስሎ ውስጡ ግን ውሃና ቆሻሻ የተረጨበት ነው፤ ባያምም ባይደማም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነገር ነው። የሚሰካበት መስመር ደግሞ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር ቢኖረው መልካም ነው፤ እርጥብ እግር፣ እርጥብ መሬትና ኤሌክትሪክ አንድ ቦታ ናቸውና።

የኬ2 ልባስ የተያዘው በቶርክስ ብሎኖች ነው። ጥልቅ ያሉ ስለሆኑ አጭር ቢት አይደርስም፤ ረጅም እጀታ ያለው ቁጥር 20 ቶርክስ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጨምሮ ማዞር የብሎኑን ራስ ይልጠዋል፣ ከዚያ በድሪል ማውጣት ነው። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል ካርቶን ላይ የማሽኑን ቅርጽ ሥለው እያንዳንዱን በቦታው ይውጉት። ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። ይሄ ክፍል ለካርቸር ምስጋና የሚገባበት ነው፦ ልባሱ በማጣበቂያ አልተዘጋም፣ ሞተሩና ፓምፑ አንድ ላይ ተያይዘው እንዳሉ ይወጣሉ።

ካርቦኖቹ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ናቸው። ከ5 ሚሊ ሜትር ካነሱ ወይም አንዱ ከሌላው በግልጽ ካጠረ ሁለቱም ይቀየራሉ፤ አንዱን ብቻ መቀየር የለም። ልክክ የሚለው ከጠፋ ትንሽ ተለቅ ያለ የድሪል ካርቦን ገዝቶ በብርጭቆ ወረቀት ማውረድ ይቻላል፤ ቤቱ ውስጥ ሳይሰነቀር በሞላው ግፊት እንደልብ መንሸራተት አለበት። የሚነካው መዳብ ጥቁር ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል፣ በመስመሮቹ መሀል የገባው የካርቦን ዱቄትም በጥርስ መፋቂያ እንጨት ይወጣል። ሲሠራ ትንሽ ብልጭታ ጤና ነው፤ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የሚዞር እሳት ከሆነ ግን ሞተሩ ራሱ ተጎድቷል፣ አዲስ ካርቦን አያድነውም።

ማይክሮ ስዊቹን በቴስተር ይፈትሹ፦ ሲጫን መገናኘት፣ ሲለቀቅ መለያየት። ሲቀይሩት አምፔሩን ያስተያዩ። ቅርጹ አንድ ሆኖ 5 አምፔር የተጻፈበት ስዊች ሱቅ ውስጥ ሞልቷል፤ ለዚህ ሞተር እሱ አይሆንም፣ በአጭር ጊዜ ይቀልጣል።

አሁን ፓምፑ። ሞተሩን ከታች፣ የፓምፑን ራስ ከላይ አድርገው ያቁሙት። የራሱን ብሎኖች በመስቀል ቅደም ተከተል በየተራ ሩብ ዙር እያሉ ያላሉ። ከሥር ሞላዎች ስለሚገፉ አንዱን ጎን ጨርሶ መፍታት የፕላስቲኩን ራስ ያጣምመዋል። ሲነሳ ሦስት ፒስተኖች ይታያሉ። ከሥራቸው ያዘመመ ሳህን አለ፤ ሞተሩ ሲዞር ሳህኑ በተራ እየገፋቸው፣ ሞላዎቹ እየመለሷቸው ውሃውን ይመታሉ። ለያንዳንዱ ፒስተን አንድ የመግቢያና አንድ የመውጫ ቫልቭ ስላለ ቫልቮቹ ስድስት ናቸው።

አንዱን ቫልቭ መዳፍዎ ላይ ያውጡት። ከአተር ፍሬ ብዙም አይተልቅም፤ ትንሽ የፕላስቲክ ቤት፣ ውስጡ ፀጉር የመሰለች ሞላ፣ ጫፉ ላይ ክብ መዝጊያ። በእንጨት ገፋ ሲያደርጉት ወደ ውስጥ ገብቶ በራሱ "ጠቅ" ብሎ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወይም እየተንገዳገደ ከተመለሰ ግፊቱን የበላው እሱ ነው። ወደ ብርሃን አዙረው መዝጊያው የሚቀመጥበትን ከንፈር ይዩ፤ ነጭ የካልክ ቀለበት ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ያገኛሉ። ድሬዳዋ ውስጥ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ያው ይሄ ነው። አቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጠርገው፣ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። በመርፌ አይፋቁት፤ ከንፈሩ ላይ የሚቀር ጭረት ከካልኩ ይብሳል። በቤንዚን ወይም በላምባ ማጠብም ይቅር። የሞተር መካኒክ ልማድ ነው፣ ለውሃ ጎሚኒ ግን አይሆንም፤ አንዳንዱ ጎማ አብጦ ከቦታው ይወጣል። ከስድስቱ አንዱ ብቻ ቢይዝ ውሃው በሦስት ምት አንዱን እየሳተ ይዘላል፤ ጎማውን በእጅ ሲይዙት ምቱ ይታወቃል።

ቫልቮቹ ደህና ከሆኑ ወደ ጎሚኒዎቹ ይሂዱ። በየፒስተኑ ዙሪያ ውሃውን የሚይዝ ከንፈር ያለው ጎሚኒ አለ፤ ከሱ ሥር ደግሞ ዘይቱን የሚይዝ ሌላ። የውሃው ጎሚኒ ከንፈር የተከፈተው ጎን ወደ ውሃው ይዞራል። ግፊቱ ከንፈሩን ከፍቶ ፒስተኑ ላይ የሚያጣብቀው በዚያ ነው። ተገልብጦ ከገባ ማሽኑ ሲነሳ ደህና ይመስላል፣ ግፊት ሲነሳ ግን በሥሩ ያፈሳል። በገዛ እጅ በተሠሩ ጥገናዎች ላይ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን ከማውጣትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት። አዲሱን በውሃ ወይም በሲሊኮን ግራሶ አርጥበው፣ ውጩን ዙሪያ እኩል በሚነካ የቁልፍ ቡሽ ይግፉት፤ የካቻቢቴ ጫፍ ከንፈሩን ይቀደዋል። የመኪና ግራሶ ለኩሽኔታውና ለሳህኑ እንጂ ለውሃ ጎሚኒ አይቀባም።

ፒስተኑን ጥፍርዎን ከላይ ወደ ታች እያስኬዱ ይፈትሹት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው አዲስ ጎሚኒ ገንዘብ ማባከን ነው፣ በጥቂት ሰዓት ይበላዋል። ጥፍር የማይይዝ ከሆነ በ2,000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ለስለስ ማድረግ ይበቃል። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል፤ የሁለቱም ወገን ጎሚኒ ይቀየራል፣ ኩሽኔታውም ታጥቦ ይመረመራል። ዘይት ብቻ ቀይሮ መዝጋት ሳምንት አያቆይም። ከሥር በደቂቃ አንድ ሁለት ጠብታ ማየት ግን ለዚህ ብቻ ፓምፕ የሚያስፈታ ነገር አይደለም፤ እየጨመረ ከሄደ ነው መፍታት።

እዚህ ላይ የኬ2 ድካም ይወጣል። የፓምፑ ራስ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ክብደቱን ያቀለለው፣ ዋጋውን ያወረደው እሱ ነው፤ አይዝግም። ከተሰነጠቀ ግን አይበየድም፣ ማጣበቂያም አይይዘውም። ከመቶ ባር በላይ የሚመጣበትን ስንጥቅ በኢፖክሲ የደፈነ ጥገና እንደገና ያፈሳል፣ ሲብስም ይፈነዳል። ራሱን ለብቻው ካገኙ ጥሩ፤ ካላገኙ የሞተውን ማሽን ለዕቃ መያዝ ነው። ሞተሩ፣ ስዊቹ፣ ሽጉጡና ጎማው ለሌላ ኬ2 ሕይወት ናቸው። ስንጥቁን ከሚያመጡት ሁለቱ መከላከል የሚቻሉ ናቸው። አንደኛው ብሎኑን በኃይል ማጥበቅ፦ ረጅም እጀታ ትተው በአጭር ቁልፍ፣ በመስቀል፣ ሲጠብቅ ማቆም። ሁለተኛው ውስጡ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ ሲረጋ ነው። አዲስ አበባ ላለ ብዙ አያሳስብም፤ ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ጋራዥ ውስጥ ለሚያስቀምጥ ግን የመጀመሪያው ውርጭ ማሽኑን ይሰብረዋል። ከማስቀመጥ በፊት ጎማዎቹን ነቅሎ፣ ውሃ መውጣት እስኪያቆም ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ማስነሳት ይበቃል።

ጎሚኒውን ከውስጥ የሚጨርሰው ደግሞ በረኪና ነው። ግቢው ይንጣ ተብሎ በሳሙና መሳቢያው በኩል በረኪና ይለቀቃል፤ ጎማውንም ብረቱንም ይበላል። በረኪና የሚያስፈልግ ከሆነ በእጅ ይረጭ፣ ይቆይ፣ ከዚያ ማሽኑ በንጹሕ ውሃ ያጥበው። ኦሞም በደንብ ካልሟሟ ቀጭኗን የሳሙና ቱቦ ይደፍናል።

ከሌሎቹ ጋር

መርካቶ ውስጥ ከኬ2 ጎን የሚቀመጡት የነሐስ ራስና ካርቦን የሌለው ሞተር ያላቸው ከባድ ማሽኖች ናቸው። ለጠጋኝ እነሱ ይሻላሉ ብል ትክክል ነው፦ ራሱ አይሰነጠቅም፣ ዘይቱ በመስታወት ይታያል፣ ጎሚኒና ቫልቩ ከብዙ ማሽን ጋር ይገጥማል። በምትኩ ሲነሱ የሚስቡት ብዙ ነው። 1,800 ዋት የሆነ ሞተር ሲሠራ 8 አምፔር አካባቢ ይስባል፤ በሚነሳበት ቅጽበት አምስት እጥፍ ቢስብ 41 አምፔር ነው። 20 ሜትር ርዝመትና 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ማራዘሚያ ላይ ያ ብቻውን 38 ቮልት ይጥላል። የሰፈሩ መብራት ቀድሞም ደካማ ከሆነ ሞተሩ "እምም" ብሎ ይቀራል፤ ጥፋቱ ግን ሽቦው ነው። ሽቦው ደህና ሆኖ እምም ካለ ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳውን ካፓሲተር ይለኩ፤ 40 ማይክሮፋራድ ተጽፎበት 30 የሚያሳይ ከሆነ ይቀየር። ከመንካት በፊት ሁለቱን ጫፎች በሬዚስተር ማራገፍ ግድ ነው፣ ከሶኬት ተነቅሎም ይመታል።

ላቫጆ ለሚከፍት ሰው ኬ2 አይደለም መልሱ። አምራቹም ለቤት ብቻ ነው የሚለው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ካርቦን ያለው ሞተር አይችለውም። በሳምንት አንዴ መኪና፣ በወር አንዴ ግቢና ምንጣፍ ለሚያጥብ ቤት ግን ዋጋውን የሚመልስ፣ ሲበላሽም የሚፈታ ማሽን ነው። ውጭ ካለ ዘመድ የሚላክ ከሆነ ከአሜሪካ አያስልኩ፤ የዚያ አገሩ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፣ ትራንስፎርመር ቢገዛለት እንኳ ያ ትራንስፎርመር ራሱ የማሽኑን ያህል ዕቃ ነው። ከዱባይ የመጣ በቮልቱም በኸርዙም ይስማማል፤ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለውን ሶኬት ግን በልል አዳፕተር ከመጠቀም ቆርጦ ትክክለኛውን መግጠም ይሻላል፤ አዳፕተሩ ይቀልጣል።

ያገለገለ ኬ2 የሚገዛ ሰው ሻጩ ፊት ሦስት ነገር ያድርግ። ከመግቢያው ወንፊቷን ያውጣ፤ ከሌለች ዋጋውን ያስቀንስ ወይም ይተወው፣ ያ ፓምፕ አሸዋ ሲጠጣ ኖሯል። ከዚያ ውሃ አስገብቶ ያስነሳው፣ ምላጩን ይልቀቅና ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዝም ብሎ ያዳምጥ፤ "ጭር" ካለ ቢያንስ አንድ ኦሪንግ፣ ካልሆነም ቼክ ቫልቭ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ገልብጦ የልባሱን ብሎኖች ይይ። ራሳቸው የተላጠ ከሆነ ከዚህ በፊት ተፈቷል፤ የፈታው ሰው የጎሚኒውን ከንፈር በየት በኩል እንዳዞረው የሚታወቀው ግፊት ሲነሳ ከሥር በሚወርደው ውሃ ነውና፣ ሥሩ ላይ ደረቅ ካርቶን አንጥፎ እንደገና ያስነሳው።